የጭልጋ ሊግናይት ጋዝ ሆኖ በጥምር ዑደት መብራት ያመነጫል ወይ?

ማራኪ_ጎንደር

እንደምን ዋላችሁ። ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ በመተማው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አይከል ዙሪያ ያለውን የጭልጋ ከሰል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሊግናይት ነው፣ ማለት ገና ያልበሰለ እርጥበት የበዛበት ከሰል፤ በሸክላና በእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር መሀል የተኛ። አሁን በአንድ የመነሻ ጥናት ላይ ግማሹ ሰው «በቦይለር ማንደድ ጊዜው አልፎበታል፤ ጋዝ እናድርገው፣ ጋዙን እናጥበው፣ ከዚያ በጋዝ ተርባይንና በእሱ ትኩስ ጭስ በሚፈላ የእንፋሎት ተርባይን በጥምር እናመንጭ። ብቃቱ ከ40 በመቶ በላይ፣ ጭሱም ንጹሕ ነው» ባይ ነው። ግማሹ ደግሞ ይስቃል።

እኔ ያልገባኝ፣ ይህ ቴክኖሎጂ ከሰል ይመርጣል ወይስ ያገኘውን ይበላል? ከ2,000 ሜትር በላይ መሆናችንስ ተርባይኑን ምን ያደርገዋል? ብር ከመውጣቱ በፊት መለካት ያለበትስ ምንድን ነው? «ንጹሕ» የሚሉትም ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ንገሩኝ። የሻጭ ብሮሹር አንብቤያለሁ፤ እናንተ የሚበላሸውን ጻፉልኝ።

አመድ_ቆጣሪ

ከሰሉን ትታችሁ አመዱን ጠይቁ። ጋዚፋየር፣ ከሰሉን ጋዝ የሚያደርገው ምድጃ፣ የሚመረጠው በከሰሉ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ አመዱ ስንት እጅ ነው፣ በስንት ዲግሪስ ይቀልጣል በሚለው ነው።

መሠረቱ ለማንም ሩቅ አይደለም። በር ተዘግቶ ያደረ የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ፍሙ አየር ሲያጥረው በግማሽ ነዶ የሚተፋው ጋዝ ነው፣ ራሱም ገና ይነዳል። ጋዚፋየር ይህንኑ ጋዝ ሆን ብሎ፣ በግፊት፣ በብዛት ያመርታል። ለሙሉ ቃጠሎ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን ከአምስት አንድ እጅ እስከ ሲሶው ብቻ ይሰጠዋል። ካርቦን በዚያ ጥቂት ኦክስጅን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን በሞል 111 ኪሎጁል ይለቃል። ካርቦን ከእንፋሎት ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሲሆን ግን 131 ኪሎጁል ይውጣል። የፊተኛው የኋለኛውን ይቀልባል ማለት ነው፤ የኦክስጅኑና የእንፋሎቱ ልክ ሲዛነፍ ወይ ምድጃው ይቀዘቅዛል ወይ ጋዙ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

ጋዚፋየር በሦስት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ከሰሉ ከላይ በቁራጭ እየገባ ቀስ ብሎ የሚወርድበት ነው፤ የሉርጊ ዓይነት የሚባለው። በደቡብ አፍሪካ ሴኩንዳ፣ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊግናይት፣ በቼክ ቭርዤሶቫም በሊግናይት ሠርቷል። አመድ አይፈራም። ነገር ግን ከ5 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይፈልጋል፣ ሊግናይት ደግሞ ሲደርቅ ይፈረፈራል፤ ብናኙ የጋዙን መንገድ ይዘጋል። ከዚህ ጋዝ ጋር ታር (ዝፍት)ና ፌኖል የሚባል መርዝ ያለበት ውሃ አብሮ ይወጣል፣ ያንን ውሃ ማጣራት ራሱን የቻለ ፋብሪካ ነው።

ሁለተኛው ከታች በሚነፋ አየርና እንፋሎት የደቀቀው ከሰል እንደ ፈላ ውሃ የሚንተከተክበት ነው። ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሠራል፣ አመዱ መቅለጥ የለበትም። ሊግናይት ቶሎ ስለሚጋዝ ይስማማዋል፤ ጥቂት ካርቦን ግን ከአመዱ ጋር ይባክናል።

ሦስተኛው ዛሬ ከሞላ ጎደል ትልልቆቹ የጥምር ዑደት ጣቢያዎች ሁሉ የተሠሩበት ነው። ከሰሉ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ዱቄት ሆኖ ከኦክስጅን ጋር ይረጫል፣ በ1,300–1,600 ዲግሪ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ጋዙ ታር የለውም። ክፋቱ አመዱ በሙሉ መቅለጥ አለበት። አመዱ ከ25 በመቶ ሲያልፍ ድንጋይ ለማቅለጥ ኦክስጅን መግዛት ይሆንባችኋል። ደግሞም መቅለጡ ብቻ አይበቃም፣ መፍሰስ አለበት፤ ከታች ባለው መውጫ ቀዳዳ ላይ ውፍረቱ ከ25 ፓስካል ሰከንድ በታች እንዲሆን ይፈለጋል፣ ከወፈረ ማር እጥፍ ገደማ ነው። ሸክላና የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት ከሰል ሲሊካና አሉሚና ያበዛል፣ መቅለጫውን ሽቅብ ይገፋል። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ቢገባ ያወርደዋል፣ ግን የአመዱ መጠን ሌላ ይጨምራል። ሙቀቱ ጥቂት ሲወርድ ቀልጦ የሚወርደው ነገር ቀዳዳው ላይ ይረጋል፤ ጺም ያወጣል፣ ጺሙ ይደፍናል፣ ጣቢያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቀዝቅዞ በመዶሻ ነው።

አንድ ጨምሩ። ዱቄቱን ከውሃ ጋር ለውሶ የሚያስገባው ዓይነት ለጭልጋ አይሆንም። ጥሩ ከሰል ከ60–70 በመቶ ደረቅ ነገር ያለው ልውስ ይሆናል፤ ሊግናይት ውሃውን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለያዘ እዚያ ሳይደርስ ይጠነክራል። ስለዚህ ማድረቅ፣ ከዚያ በናይትሮጅን እየገፉ በግፊት ማስገባት። የማድረቂያው ሙቀት ከዚያው ጣቢያ ነው የሚወጣው፣ ብቃቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ተርባይን_አዘዞ

አመድ_ቆጣሪ ጋዙን እስከ መውጫው አድርሶታል፤ እኔ ከዚያ ልቀጥል።

ጥሬው ጋዝ ሲወጣ አመድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ካርቦኒል ሰልፋይድ፣ አሞኒያ፣ ክሎራይድ፣ ሜርኩሪ ይዟል። ይቀዘቅዛል፣ ብናኙ በማጣሪያ ይያዛል፣ በውሃ ይታጠባል። ካርቦኒል ሰልፋይዱ በቀጥታ ስለማይታጠብ መጀመሪያ በካታሊስት (ምላሹን በሚያፋጥን ነገር) ላይ ከውሃ ተን ጋር ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይቀየራል። ይህን ደረጃ የረሳ ንድፍ ድኙን ተርባይኑ ድረስ ይልካል። ከዚያ ኤምዲኢኤ ወይም ሴሌክሶል በሚባል ፈሳሽ ይታጠባል፣ የተያዘው ጋዝ ክላውስ በሚባለው ክፍል ቢጫ ድኝ ይሆናል። ሜርኩሪውን በድኝ የተነከረ የከሰል ማጣሪያ ይይዘዋል። ጥበቡ ጽዳቱ ከቃጠሎ በፊት፣ በ25–40 ባር ግፊት መሆኑ ነው፤ በናይትሮጅን ያልተበረዘ፣ የታመቀ ጋዝ ስለሆነ የሚጣራው መጠን ከቦይለር ጭስ ጋር ሲነጻጸር በብዙ አስር እጥፍ ያንሳል።

በቅርብ የሚታየው ችግር የጋዝ ማቀዝቀዣው ነው። ከፍተኛ እንፋሎት ለማውጣት ጋዙን በቧንቧዎች ውስጥ ሲያሳልፉት ግማሽ የቀለጠ አመድ በቧንቧው ላይ ይለጠፋል። ክሎራይድ ብረቱን ይበላል። በ400–800 ዲግሪ መሀል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የበዛበት ጋዝ ብረቱን ዱቄት ያደርገዋል፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ። ይህን የፈሩ ሰዎች በውሃ ቶሎ ያቀዘቅዙታል፤ ዋጋው ርካሽ፣ ብቃቱ ግን ጥቂት ነጥብ የቀነሰ። የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ ውሃው ነው።

ተርባይኑ ጋር ስንደርስ፣ በኦክስጅን የተመረተ ሲንጋዝ (ከጋዚፋየሩ የሚወጣው ጋዝ) በሜትር ኩብ 10–12 ሜጋጁል ገደማ ነው፤ በአየር የተመረተው 4–5። የተፈጥሮ ጋዝ 36 ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙ ነዳጅ ይገባል፣ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ነበልባሉን ወደ ኋላ ስለሚስብ አየርና ነዳጅን ቀድሞ የሚያቀላቅለው ማንደጃ አይሠራበትም። በቀጥታ ይነዳል፤ ናይትሮጅን ወይም እንፋሎት ተጨምሮበት ነበልባሉ ሲቀዘቅዝ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ወደ 15–25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ይወርዳል።

በቁጥር ለማየት የፍሎሪዳው ፖልክ ጣቢያ (1996 እ.ኤ.አ.) ጥሩ ነው። ጋዝ ተርባይኑ 192 ሜጋዋት፣ የእንፋሎቱ 123 ሜጋዋት ገደማ፤ ድምሩ 315። ወደ መስመር የሚወጣው ግን 250 ብቻ ነበር። 65ቱን ራሱ ጣቢያው ይበላው ነበር፣ ትልቁን ድርሻ አየርን ከፍሎ ኦክስጅን የሚያወጣው ክፍል ይወስደው ነበር። ብሮሹር ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው የሚጽፉላችሁ።

ከፍታው። በ2,100 ሜትር የአየር ግፊት ወደ 78 ኪሎፓስካል ይወርዳል፣ ከባሕር ጠለል 77 በመቶ ገደማ ነው። ጋዝ ተርባይን አየሩን በክብደት ስለሚበላ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ያ 192 ሜጋዋት ጎንደር ቢተከል ወደ 148 ይጠጋል። ብቃቱ ብዙም አይነካም፣ የሚጎዳው በኪሎዋት የሚወጣው ብር ነው። ሲንጋዙና የሚጨመረው ናይትሮጅን ክብደት ስላለው ከጎደለው ጥቂቱን ይሞላል። ሰው የሚረሳው የኦክስጅን ክፍሉን ነው። ዋናው ኮምፕሬሰር አየሩን 6 ባር ለማድረስ በባሕር ጠለል 5.9 እጥፍ ሲጨምቅ እዚህ 7.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። የራስ ፍጆታው ከፖልክ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ማራኪ_ጎንደር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አልነካችሁም። ደግሞስ 250 ሜጋዋት ለምን? በ20 ሜጋዋት መጀመር አይቻልም?

ተርባይን_አዘዞ

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካልተያዘ ከሰል ያው ከሰል ነው፤ በሜጋዋት ሰዓት 700–800 ኪሎ ገደማ፣ በሊግናይት ከዚያም በላይ። ድኙና ብናኙ ነው እውነት ንጹሕ የሚሆነው። መያዝ ቢፈለግ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከእንፋሎት ጋር በካታሊስት ወደ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀይሮ ማጠብ ይቻላል፤ ዋጋው ከብቃቱ ከ6 እስከ 10 ነጥብ ነው። ከዚያ የተያዘውን የት ትቀብሩታላችሁ? የሰሜን ዳኮታው ፋብሪካ የተያዘውን የሚቀበል የነዳጅ ጉድጓድ ካናዳ ውስጥ አለው፣ ቧንቧውን እዚያ ዘረጋ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለም።

ሒሳብ_በጣት

20 ሜጋዋት የማይሆነው ለዚህ ነው። ኦክስጅን ክፍሉ፣ ማጠቢያው፣ ክላውሱ በ20 ሜጋዋትም በ250ም ያው ብዛት ያለው ዕቃ ነው፣ ኦፕሬተሩም ያው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ከአንድ ትልቅ ተርባይን ጋር የተገጣጠሙ ነበሩ፦ ኔዘርላንድ ቡኸነም 253፣ ፖልክ 250፣ ኢንዲያና ዋባሽ 262።

አሁን ለ250 የከሰሉን ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፣ በላብራቶሪ ውጤታችሁ ተኳቸው። ብቃት 38 በመቶ ብንል 658 ሜጋዋት ሙቀት ይገባል። ሊግናይቱ በኪሎ 12 ሜጋጁል ቢሆን በሰከንድ 55 ኪሎ፣ በሰዓት 197 ቶን፣ በቀን 4,700 ቶን። በ40 ቶን ተሳቢ 118 ጭነት፤ ሌት ተቀን በየ12 ደቂቃው አንድ መኪና። አመዱ 30 በመቶ ከሆነ ከነዚህ ውስጥ 1,400 ቶኑ ተመልሶ የሚጣል ነው። ስለዚህ ጎንደር ከተማ ላይ የሚተከል ነገር አይደለም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ዓመቱን 80 በመቶ ቢሠራ 1.4 ሚሊዮን ቶን፣ በ25 ዓመት 35 ሚሊዮን ቶን ያስፈልጋል፤ ካለው ክምችት ሳይሆን ሊወጣ ከሚችለው። ይህን የማይሞላ ክምችት ከሆነ ውይይቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

20 ሜጋዋት የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ የሚንተከተክ አልጋ ያለው ቦይለርና አንድ የእንፋሎት ተርባይን። ብቃቱ 30 በመቶ ቢሆንም መለዋወጫው ይገኛል፣ ድኙም የኖራ ድንጋይ እዚያው ውስጥ ሲጨመር ይያዛል።

አመድ_ቆጣሪ

ትክክል። እኔ ከላይ ለሊግናይት የሚንተከተከው ዓይነት ይስማማዋል ማለቴን ሰው እንደ ምክር እንዳይወስደው። በዚህ መንገድ የሄዱት ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ሙከራዎች አልቀናቸውም። የኔቫዳው ፒኞን ፓይን 100 ሜጋዋት ነበር፣ ጋዙን ሳያቀዘቅዝ ለማጣራት ሞክሮ በቋሚነት ሳይሠራ ቀረ። የሚሲሲፒው ኬምፐር በሊግናይት 582 ሜጋዋት ታስቦ ወጪው 7.5 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ጋዚፋየሩ ተትቶ ተርባይኑ በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ ቀጠለ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለጎንደር ትልቁ ነጥብ ይመስለኛል። በእነዚህ ጣቢያዎች ጋዚፋየሩ ሲቆም መብራቱ አይቆምም፣ በቧንቧ የሚመጣ ጋዝ አለ። እዚህ ያለው አማራጭ በቦቴ የሚመጣ ናፍጣ ነው። ማስነሻውም ራሱ ያንኑ ይፈልጋል፤ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስከ ሙሉ ኃይል ቀናት ይፈጃል፣ የኦክስጅን ክፍሉን ማቀዝቀዝ ብቻውን ከአንድ ቀን በላይ ነው። መቋረጥ የበዛበት መስመር ላይ እያንዳንዱ መጥፋት የቀናት ኪሳራ ይሆናል።

ብቃት ብለው ከመጠን በላይ አያይዘው የሠሩትም አሉ። ቡኸነምና የስፔኑ ፖርቶያኖ ለኦክስጅን ክፍሉ የሚገባውን አየር በሙሉ ከጋዝ ተርባይኑ ይወስዱ ነበር። ብቃት ሰጥቷል፣ ግን ተርባይኑ ካልዞረ ኦክስጅን የለም፣ ኦክስጅን ከሌለ ጋዝ የለም፣ ጋዝ ከሌለ ተርባይኑ አይዞርም። ማስነሣት ፈተና ነበር። ዛሬ ንድፍ የሚያወጣ ሰው የራሱን ኮምፕሬሰር ያስቀምጣል።

ውሃና_መስመር

በአጭሩ። ከኃይሉ 40 በመቶ ገደማው ብቻ በእንፋሎት ስለሚመጣ የማቀዝቀዣ ውሃው ከተራ ከሰል ጣቢያ ያንሳል፣ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ቢሆንም የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማው ውሃ በወረፋ በሚያገኝበት አካባቢ ውሃ የሚተን ማቀዝቀዣ አታስቡ፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ይሁን። የጋዙ ማጠቢያ ጥቁር ውሃም ክሎራይድ፣ አሞኒያና ሳያናይድ ስላለው ሳይጣራ ወደ ጓንግ ወንዝ አይለቀቅም።

መስመሩን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳር በጎንደር አልፎ ወደ መተማ የሚወርደው 230 ኪሎቮልት በቅርብ አለ። ግን ጣና በለስ 460 ሜጋዋት፣ ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ባለበት አገር ይህ ጣቢያ ጭነት ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ አይደለም፤ ወጥ ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው ነፍስ ያለው። ጥናታችሁ የበጋውን ወራት የውሃ እጥረት ካልሆነ በቀር በምን ሊያሳምን እንደሚችል አይታየኝም።

ማራኪ_ጎንደር

ስለዚህ ትልቁን ትቼ ናሙናውን ልያዝ። እንዴት ይወሰዳል?

አመድ_ቆጣሪ

ከፊት የሚታየውን ከሰል አትውሰዱ፣ አየር በልቶታል። ግድግዳውን ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አዲሱን ፊት አውጡ፣ ከዚያ ከላይኛው ንብርብር እስከ ታችኛው እኩል ስፋትና ጥልቀት ያለው ቦይ ቁረጡ። በመሀል የሚገባውን ሸክላ ለብቻው፤ ማዕድን ማውጫው ሊለየው ከቻለና ካልቻለ ውጤቱ ሁለት የተለያየ ከሰል ነው። ከ10–20 ኪሎ ውሰዱ፣ በሸራ ላይ ክምር አድርጋችሁ ለአራት እየከፈላችሁ ሁለት ተቃራኒ እጆች እየጣላችሁ ወደ 2 ኪሎ አውርዱት። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ሊግናይት ፀሐይ ላይ እርጥበቱን ሲጥል ዓይናችሁ እያየ ይሰነጠቃል። ሁለት ድርብ ፕላስቲክ፣ አየሩ ወጥቶ፣ የተቋጠረ።

ላብራቶሪው መጀመሪያ ጠቅላላ እርጥበቱን በ105–110 ዲግሪ፣ ተናኙን በክዳን ዘግቶ በ900 ዲግሪ 7 ደቂቃ፣ አመዱን በ815 ዲግሪ ይለካ። ሙቀቱ በቦምብ ካሎሪሜትር። ድኝና ክሎሪን አትርሱ። ከዚያ ዋናው፣ የአመዱ መቅለጫ። አራት ነጥብ ይሰጣችኋል፦ ቅርጽ መለወጫ፣ መለስለሻ፣ ግማሽ ክብ፣ መፍሰሻ። በጋዚፋየር ውስጥ ያለው ሁኔታ ኦክስጅን የሌለበት ስለሆነ መለኪያውም ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተቀላቀለበት ምድጃ ውስጥ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ። በተራ አየር የተለካ ከሆነ በአመዱ ውስጥ ባለው ብረት ምክንያት ውጤቱ ሽቅብ ይዛባል፣ ወረቀቱ ግን ያው ይመስላል። አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ከአመዱ ክብደት 10 እና 20 በመቶ የኖራ ድንጋይ ተጨምሮበት። መፍሰሻው ኖራ ተጨምሮም ከ1,500 ዲግሪ በታች ካልወረደ የሚረጨውን ዓይነት ከዝርዝራችሁ አውጡት።

ሒሳብ_በጣት

አንድ ትንሽ ነገር። የናሙናውን መለያ ወረቀት ከሰሉ ጋር አታስገቡት፣ እርጥበቱ ጽሑፉን ያጠፋዋል። በሁለቱ ፕላስቲኮች መሀል አድርጉት፤ ጥልቀቱን፣ ቀኑንና የቦዩን ርዝመት በእርሳስ ጻፉበት፣ እስክሪብቶ ይፈስሳል።